በአዋሽ ዳር የጥጥ ሒሳብ

አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ ወደ ሰሜን የሚታጠፍ መንገደኛ፣ ከአዲስ አበባ ለብሶት የወጣውን ኮት አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ነፋሱ ምጣድ አጠገብ እንደ ተቀመጡ ያህል ፊትን ይጋረፋል። እኛም በለቀማው ወራት ወደ መልካ ወረር ስንቃረብ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ግራር ነጭ ሆኖ ታየን። አበባ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ከጭነት መኪናዎች እየተቦጨቀ በእሾሁ ላይ የቀረ ጥጥ ነው። ሾፌራችን «ለቃቅሞ የሚያስፈትል ቢገኝ ጋቢ ይወጣዋል» አለ።

ጥጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን በመዳመጫ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ሲያለብሱን ኖረዋል። በመስኖ፣ በሰፊ ማሳ፣ ለፋብሪካ ብሎ መዝራት ግን በአዋሽ ሸለቆ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ታሪክ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ የወንዙ ውሃ በልክ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን በታችኛው አዋሽ፣ በዱብቲ አጠገብ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በሽርክና የተንዳሆን እርሻ አቆመ። በአሳይታ በኩልም ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬና ሌሎች አፋሮች በየዐቅማቸው ጥጥ ያዘሩ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ትልልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ እዚህ በመካከለኛው አዋሽ ከመንግሥት እርሻው ከፊሉ ለአፋር ጎሣዎች ተመለሰ፤ ጎሣዎቹም ብዙውን በውል ለባለሀብት ሰጡት። የተንዳሆው ማሳ በመጨረሻ ለሸንኮራ አገዳ ተለቀቀ።

ስለዚህ በአንድ ቦይ ዳር ትልቁም፣ መካከለኛውም፣ ትንሹም ጥጥ ዘሪ ጎን ለጎን ይታያል። እኛም የሄድነው ከሦስቱ የትኛው እንደሚያተርፍ ለመጠየቅ ነበር።

መጀመሪያ ከሰፊው እርሻ ገባን። ካቦው በእጁ ደብተር፣ በአንገቱ ፉጨት ይዞ በመስመሮቹ መካከል ይመላለሳል። ለቃሚዎቹ ከወሎ፣ ከከምባታና ከወላይታ የመጡ ናቸው፤ ጆንያውን በወገባቸው አስረው ይጎትቱታል። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እናስላ። ደኅና የያዘ የመስኖ ማሳ ከሔክታር 25 ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ ይሰጣል፤ አንድ ለቃሚም በቀን 40 ኪሎ ይለቅማል እንበል። እንግዲህ አንዱ ሔክታር ከ60 በላይ የሰው ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ሺህ ሔክታር የዘራ ሰው አንድ ሺህ ለቃሚ ከሩቅ አስመጥቶ፣ አሳድሮ፣ አብልቶ፣ ወባ ሲይዛቸው አሳክሞ፣ ሁለት ወር ማሠራት አለበት። በአሜሪካ መኪና ስለሚለቅም የማሳው መስፋት ወጪውን ይቀንሳል። በእጅ ሲለቀም ግን የሺኛው ሔክታር ጥጥ ከአንደኛው አይረክስም፤ እንዲያውም ካቦውንና ዘበኛውን ስለሚጨምር ይወደዳል።

ከዚያ ወደ ትንሹ ማሳ ተሻገርን። ባለቤቱ አንድ ሔክታር የማይሞላ መሬት ያለው አፋር ነው። ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይለቅማል፤ ጥጡ ሲፈነዳ ይገባሉ፣ ቀሪው እስኪፈነዳ ከፍየሎቻቸው ጋር ይውላሉ። ለካቦ የሚከፍለው ሳንቲም የለም። የራሱ ስለ ሆነም ቅጠልና አፈር ሳይቀላቅል በጥንቃቄ ይለቅማል። በማሳው ውስጥ ብቻ ቢቆጠር የሚያተርፈው ይህ ሰው ነው ብለን ልንጽፍ ነበር።

ነገር ግን ማሳው ብቻውን ሒሳብ አይሆንም። ውሃው የሚመጣው ከቦዩ ጫፍ ነው፤ ላይ ያሉት ጠጥተው ሲያበቁ ይደርሰዋል። ትራክተር በኪራይ ነው፤ ባለትራክተሩም ሰፊውን ሳያርስ ወደ ትንሹ አይመጣም። ጓይ ትል ሲነሣ ትልቁ እርሻ መድኃኒቱን በጊዜው ያስረጫል፤ ቀድሞ በአውሮፕላን ጭምር ያስረጭ ነበር። ትንሹ ገበሬ ግን መርጫውን ከጎረቤት እስኪዋስ ትሉ ፍሬውን ይበሳዋል። ገንዘቡን ደግሞ በክረምት ከነጋዴ ወስዶ በልቶታል። እስከ ወር መጨረሻ በሱቅ ዱቤ የሚኖር ደመወዝተኛ አንባቢያችን ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ተበዳሪ ስለ ዋጋ አይከራከርም።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው በመዳመጫው ፋብሪካ ነው። ከመቶ ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ 36 ወይም 38 ኪሎ ያህል የተዳመጠ ይወጣል፤ የቀረው አብዛኛው ፍሬ ነው። ፍሬው ተጨምቆ ዘይት፣ ከዘይቱ የተረፈው ፋጉሎ ይሆናል። የራሱ መዳመጫ ያለው ትልቅ እርሻ ሁሉንም ለየብቻ ይሸጣል፤ ዋጋው ሲወድቅም ቦንዳውን በመጋዘን ከምሮ ይጠብቃል። ትንሹ ገበሬ በጆንያው ውስጥ ጥጡንም ዘይቱንም ፋጉሎውንም በአንድ ዋጋ ያስረክባል። በጋው ሲጠና ላሞቹ እንዳያልቁበት ፋጉሎ የሚገዛውም እርሱው ነው። ይህን ስንነግረው ሣቀና «የራሴን ጥጥ ለላሜ እየገዛሁ ኖሬአለሁ!» አለ።

የመካከለኛው ነገር ያሳዝናል። ከጎሣ መቶ ሔክታር በውል የያዘ አንድ ባለሀብት ሻይ ጋብዞን ነበር። ለቤተ ሰብ እጅ ሰፊ፣ መዳመጫ ለማቆም ጠባብ የሆነ እርሻ ነው፤ ለቃሚ እንደ ትልቁ ይቀጥራል፣ ጥጡን እንደ ትንሹ ለሌላ ያስረክባል። ዋጋው ደኅና በሆነበት ዓመት ትርፉ ጥሩ ነው። በመጥፎው ዓመት ግን ትንሹ ፍየል ሸጦ ያልፋል፣ ትልቁ ባንክ ያስታምመዋል፣ መካከለኛው ውሉን ጥሎ ይሄዳል። በእኛ ግምት አዋሽ ዳር ጥጥ በአንድ ሔክታር ቢለቀምና በሺህ ሔክታር ቢዳመጥ፣ ማለትም ገበሬዎቹ መዳመጫውን በማኅበር ቢይዙት፣ ሒሳቡ ይቃና ነበር።

በማንም ደብተር ያልተጻፈ ወጪ ግን አለ። ከሰዓት በኋላ በቦዩ ጥግ አንድ ሽማግሌ አገኘን፤ ጊሌያቸውን ታጥቀው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «አባት፣ ይህ መሬት ከጥጡ በፊት ምን ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሣር ነበር» አሉ። «ሜዳው ሲደርቅ ወደዚህ እንወርዳለን። ሲዘንብ እንወጣለን። የምንወርድበትን ወሰዱት።»

እውነት ነው። ለአፋር ከብት አርቢ የወንዙ ዳር የበጋ ማዳኛው ነበር። ጥቂቱ የወንዝ ዳር ሲታረስ፣ ሰፊው ሜዳ ያለ በጋ መሸሻ ስለ ቀረ ዋጋውን ያጣል። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ከብትና ሰው ባለቀ ጊዜ ይህ ጉዳት በግልጽ ታይቷል። መሬቱም ቢሆን አልቆየም፤ በመልካ ሳዲና በአሚባራ ያለ በቂ ማጠንፈፊያ የፈሰሰው የመስኖ ውሃ ከሥር ጨዉን እያወጣ ብዙ ማሳ አስጥሏል። ከመንገዱ ዳር ነጣ ብሎ ያየነው ሌላው ሜዳ ጥጥ አልነበረም፤ ጨው ነው። ኩባንያም ባለሀብትም ትቶት ይሄዳል፣ ሽማግሌው ግን ወዴትም አይሄዱም።

«ታዲያ እዚህ ምን ይጠብቃሉ?» አልናቸው።

በበትራቸው ወደ ማሳው አመለከቱን። የመጨረሻው ለቀማ ያለቀው የዚያን ቀን ነበር። ካቦው ፉጨቱን ነፋ፣ ለቃሚዎቹ ጆንያቸውን ወደ ሚዛኑ ጎተቱ፣ ዘበኛውም ከመግቢያው ላይ እሾሁን አነሣ። ከግራሩ ጥላ ሥር የሽማግሌው ፍየሎች ተነሥተው፣ ካቦውን በግራ በቀኝ እያለፉ፣ ወደ ጥጡ አገዳ ገቡ።