መጀመሪያ ፊቷን

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተቀጥሬ በዳንግላ ገጠር ቤት ለቤት ስዞር፣ የምሸከመው መዝገብ ነበር። በኋላ ታብሌት መጣና ተገላገልኩ። ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ይይዛል፤ ሲገኝ ይልካል፤ የክትባትና የእርግዝና ክትትል ቀንም ያስታውሰኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ማስታወስ ተውኩ።

በአንድ የነሐሴ ቀን ነፍሰ ጡር ቤት እንደገባሁ ባትሪው አለቀ።

«እንግዲህ ዛሬ ምን ልትጠይቂኝ ነው፣ እታለም?» አለችኝ እየሳቀች።

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ አብጧል።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ሦስተኛ ቀኔ፤ ዓይኔንም ያጭበረብረኛል።»

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

ታብሌቱን ዛሬም ይዤ እዞራለሁ። የምከፍተው ግን የሰው ፊት ካየሁ በኋላ ነው።