በጮቄ ሥር፣ በነጋዴዎች መካከል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ረቡዕ ማለዳ በሰው ይሞላል። ድንች የተጫኑ አህዮች፣ የቀርክሃ እስር የተሸከሙ ጎረምሶች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው ዱላቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ ጎልማሶች፣ ሁሉም ጉዟቸው ወደ ሮብ ገበያ ነው። ከተማዋ የስናን ወረዳ መቀመጫ ናት። በላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ቆሟል፤ ጨሞጋን ጨምሮ ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚፈልቁት ከዚሁ ተራራ ነው። እኔም የሄድሁት ለተራራው ነበር። ልቤን ያስቀሩት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው።

ገበያው የደጋ ገበያ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ እንግዶ፣ ጌሾና ድንች ይበዛበታል። አንዲት ድንች ሻጭ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሥራዋን አየሁ። ቁናውን ትሞላለች፣ ጫፉ ላይ ትከምራለች፣ ገዢው ከረጢቱን ሲያነሳ ደግሞ ሦስት አራት ፍሬ ትመርቅለታለች። ለአንዲት አሮጊት ግን ምርቃቱ ከመደበኛው በዝቶ ታየኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ባሏ ከእኛ ጋር ይነግድ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው» አለችኝና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።

ሮብ ገበያን ያስወደደኝ ይህ «ከእኛ ጋር» የሚል አነጋገር ነው። እኛ የሚሉት እነማን ናቸው ብዬ ስከተል የደረስሁት ከገበያው ዳር ካለች ሻይ ቤት፣ የነጋዴዎቹ እቁብ ከሚጣልበት ቦታ ነው። የእህል ነጋዴ፣ ጨርቅ ሻጭ፣ ጨው ቸርቻሪ፣ አረቄ የምታወጣ ሴት በአንድ አግዳሚ ወንበር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ዳኛው ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ጸሐፊው ጠርዙ የተላጠ ደብተር ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ብሩን ያስቀምጣል፤ ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል፤ ጸሐፊው ደግሞ ምልክት ያደርጋል። ሁሉም እስኪጣል ወሬ የለም። ከዚያ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ገቡ፤ ተነቀነቁ፤ የሻይ ቤቷ ትንሽ ልጅ እጇን ሰድዳ አንዱን አወጣች።

ዕጣው ለጨርቅ ነጋዴው ወጣ። እሱም ብድግ ብሎ፣ «ለእሷ ይሁንልኝ፣ የኔ በሷ ተራ ይለፍ» አለና ጥግ ወደተቀመጠች ሴት በአገጩ ጠቆመ። ሴትየዋ እህሏ በዝናብ ተበላሽቶባት ኖሯል። ዳኛው፣ «ዋስሽ ማነው?» አሉ። ወዲያው እጆች ወጡ። ጸሐፊው የዋሶቹን ስም መዘገበ፣ ብሩ ተቆጥሮ ተሰጣት። ማንም አላሞገሰውም፤ ማንም አላዘነላትም። አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። ርዳታ ተብሎ በእጇ ቢሰጣት ኖሮ እንዲያ ቀና ብላ መውጣቷን እጠራጠራለሁ። የተቀበለችው የራሷን ተራ ነው፤ ብቻ ቀደም ብሎ መጣላት። እንደዚህ ያለ ደግነት አስበው የሠሩትን ሰዎች ሳስብ አድናቆቴ አሁንም አልበረደም።

«አያ፣ ወስዶ የሚጠፋ የለም?» አልኋቸው ዳኛውን።

«ወዴት ይጠፋል? ዛሬ እዚህ ቢሰወር ነገ ሌላ ገበያ ላይ አንገናኝም?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞስ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብለው ጨመሩ።

ስለ እድራቸው የጠየቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ትልልቆቹን ድስቶች አሳዩኝ። ጥሩምባ ሲነፋ ሱቁን የማይዘጋ አባል ይቀጣል። ቀባሪ ቤቱ ሲመለስ ምግቡ ተሰናድቶ ይጠብቃል፣ ለሐዘንተኛውም የተወሰነው ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህን የትም ሰፈር እናገኘዋለን። እኔን ይበልጥ የነካኝ ከሩቅ ለመጣ ነጋዴ ያላቸው አያያዝ ነው። መንገድ ላይ የታመመ፣ ዘመድ የሌለው መንገደኛ ነጋዴ ቢሞት ዘመዱ እኛው ነን አሉኝ፤ መዋጮውንም ከአባላቱ ይሰበስቡለታል።

እንዲህ ያለው ሕግ ሻይ ቤት ውስጥ አልተወለደም። ሥሩ ሲራራ ንግድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ዛሬ የጁቤ ባለችበት አካባቢ፣ ባሶ የሚባል ገበያ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ከታወቁት ገበያዎች ሁሉ የገነነ። ከከፋና ከእናርያ የተነሣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጉድሩ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ብሎም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ዋጋው በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ገደማ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ባሶ ሰንብቶ፣ ራሱ ስላልደረሰባቸው የደቡብ አገሮች ከነጋዴዎቹ አፍ እየጠየቀ ጽፏል። ሙስሊሙ ጀበርቲና ክርስቲያኑ ነጋዴ በአንድ ጉዞ ይጓዙ ነበር። ብቻውን ዓባይን የሚሻገር የለም፤ ዘራፊ አለ፣ ንዳድ አለ፣ በየኬላው ቀረጥ አለ። ስለዚህ እስኪበዙ ይጠባበቃሉ፣ ነጋድራሳቸውን ያስቀድማሉ፤ እሱም ከባላባቱና ከቀረጥ ተቀባዩ ጋር ይነጋገርላቸዋል፣ ሲጣሉም ይዳኛቸዋል።

በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ባሶ የባሪያ ገበያም ነበር። የራሳቸውን ሰው ተጠንቅቀው የሚጠብቁ ጓደኛሞች የሌላውን ልጅ አስረው ይነዱ እንደነበር ማለፍ አልችልም። የወንድማማችነታቸው አጥር ጠባብ ነበር። የዛሬዎቹን የምወዳቸው አጥሩን ስላሰፉት ጭምር ነው፤ ከማያውቁት አገር የመጣውም ሟች ገብቶበታል።

ባሶን ያደከመው ጦርነት ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የገጠሙት ከዓባይ ማዶ ስላለው አገርና ንግድ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፣ የደቡቡም ንግድ ወደ ሸዋ አደላ።

እንደ ሮብ ገበያው ያለ የመረዳዳት ኑሮን ነጋዴ በዓለም ዙሪያ ያውቀዋል። በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1357 መገንባት የጀመረ የነጋዴዎች አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ላይኛው ፎቅ ስለ ንግድ የሚመክሩበት፣ ምድር ቤቱ ድኾችንና ሕሙማንን የሚያስጠጉበት ነበር፤ የጸሎት ቤትም አለው። ሮብ ገበያ አዳራሽ የላትም። ምክሩ ሻይ ቤት ነው፣ ጸሎቱ በጽዋ ማኅበር ነው። ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፣ ካህኑ ይባርካል፣ በደጅ የተሰለፉት ነዳያንም ድርሻቸው ይወጣላቸዋል። ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ መሪ ያላዩት እንግዳ እንደሌለ ያረጋገጥሁት እኔው ነኝ፤ ገና ደጁን ሳልረግጥ «ግባ እንጂ!» ብለው ከወንበራቸው ፈቀቅ አሉልኝ።

መሄድ የሚያምረው ሰው ረቡዕን ይምረጥ፤ ጋቢም ይያዝ፣ ብርዱ ቀላል አይደለም። ማለዳ እህል ተራ፣ ከቀትር በኋላ ሻይ ቤቶቹ ዘንድ ይሁን። ደብተር የዘረጋ ጸሐፊ ካየ ብሩ ተጥሎ እስኪያልቅ አያናግረው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይጠይቅ፣ ይነግሩታል። ጊዜ ያለው ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ የጁቤን ይመልከት፤ እኔም ቀጣይ ጉዞዬ ወደዚያው ነው።