የእርሾ ብድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ስለ ዳቦ ላጫውታችሁ። በቤተልሔም በአገልጋዮች እጅ ተዘጋጅቶ ለመሥዋዕት ስለሚቀርበው ኅብስት ለመጻፍ አልደፍርም፤ የእርሱን ነገር መምህራን ያስተምሩን። እኔ የምነግራችሁ በጓዳችን ተቦክቶ በጽዋ ማኅበር ስለሚቈረሰው ዳቦ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 30 ቀን፥ በቅዱስ ዮሐንስ ወርኃዊ መታሰቢያ፥ የጽዋው ተራ የእኛ ቤት ነበረ። በአረርቲ ላደገ ሰው የዚህን ቅዱስ ስም ክብር ማስረዳት አያሻም፤ የሸንኮራ ዮሐንስን ጠበል ፈልጎ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ምእመን እያየን ነው ያደግነው። ቀድሞ እናቴ በየተራዋ ድፎ ትደፋ ነበር። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፥ እሳት ከላይና ከታች ተደርጎለት፥ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ እስከ መንገድ ይወጣ ነበር። አሁን ግን የእናቴ ጣቶች ታመዋል፤ ሊጥ መግፋት አይችሉም። ሥራው ወደ እኔ መጣ።

እኔም አንድ ነገር ለመለወጥ አሰብሁ። ድፎው ሲቈረስ ለሕፃናቱ የሚደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ፍርፋሪውና ጠርዙ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሙሉ፥ ትንሽና ለስላሳ ድቡልቡል ዳቦ ልጋግር አልሁ። ችግሩ ወቅቱ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቷል፤ ዳቦን የሚያለሰልሱት ወተት፥ ቅቤና እንቁላል አይነኩም።

በ28ኛው ቀን ለሙከራ ጋገርሁ። ጊዜ ለመቆጠብ ከሱቅ የሚሸጠውን ደረቅ እርሾ እጥፍ አድርጌ ጨመርሁ። ሊጡ በአንድ ሰዓት ኩፍ አለ፤ ምድጃው ውስጥ ሲገባ ግን ተኛ። ሽታው እርሾ እርሾ ይላል፤ ሲያድርማ ደረቀ። እናቴ ቀምሳ አስቀመጠችው። «ልጄ፥ ይህ ቸኵሏል» አለችኝ፤ ቀጥላም «የዱሮውን እርሾ ከጎረቤት ተበደሪ» አለች።

የእኛ እርሾ እርሷ መጋገር ካቆመች ወዲህ ደርቆ ተጥሏል። በሰፈራችን ካለፈው ሊጥ ቈንጥረው የሚያስቀሩ፥ እኔ የማውቃቸው፥ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሰላምታ የለንም። ነገሩ በክረምት የተጀመረ ነው፤ የጣሪያችን ውኃ ወደ ግቢያቸው ይወርዳል ብለው ተናገሩኝ፥ እኔም ለእናት የማይነገር ቃል መለስሁ። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በሕፃናት ክፍል ያስተማርሁት፥ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ስለሚታረቀው ሰው ነበር። ልጆቹ በደንብ መለሱልኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውንም ተረት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

ሲመሽ ሄድሁ። «ማነው?» አሉ ከውስጥ። «እኔ ነኝ እትዬ፤ ለዮሐንስ ዳቦ እርሾ ፈልጌ ነበር።» ዝም አሉ። ወደ ጓዳ ሲገቡ የማይመለሱ መስሎኝ ነበር፤ በጣሳ ይዘው ወጡ። «ዛሬ ማታ ለብ ባለ ውኃ ቀስቅሺው፤ ዱቄት አብይው። ውኃው እንዳይፈላ፥ ይሞትብሻል» አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር የሄድሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ተመለስሁ።

አሠራሩን ለምትፈልጉ እነሆ። ለ20 ትንንሽ ዳቦ አንድ ኪሎ ዱቄት ይበቃል። የዳቦ ስንዴ ይሁን፤ ለመኮሮኒ የሚሆነው ጠንካራ ስንዴ ሊጡ እምብዛም አይለጠጥም። ከዱቄቱ 60 ግራም ቀንሳችሁ በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ እንደ አጥሚት አማስሉትና ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። የወተቱን ቦታ የሚተካው ይህ ነው፤ የበሰለ ዱቄት ከጥሬው የበለጠ ውኃ ስለሚይዝ ዳቦው ቶሎ አይደርቅም። ከዚያም የነቃ እርሾ 200 ግራም፥ ሌላ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ ሩብ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ጨምሩ። ዱቄት ከዱቄት ይለያልና ውኃውን ቀስ በቀስ አድርጉት።

መግፋቱ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አታሳጥሩት። ሊጡ ከእጅ ሲላቀቅና ቈንጥራችሁ ስትስቡት ሳይበጠስ እንደ ስስ ጨርቅ ብርሃን ሲያሳይ ደርሷል። በአረርቲ ሙቀት ሌሊቱን ያድርና ጠዋት እጥፍ ይሆናል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ግን ከዚያ በላይ መታገሥ ያሻል። ከዚያ አድቦልብላችሁ ደርድሩት፥ እንደገና ኩፍ ይበል፥ ከዚያም ጋግሩት። እንደ ወጣ ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በእንፋሎቱ ቅርፊቱ ይለሰልሳል።

እኔ ሦስት ኪሎ ነው ያቦካሁት፤ ክንዴ ዛለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በምሳሌ ያነሣት ሴት እርሾዋን የሸሸገችው በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ነው፤ በዛሬ ስፍር ከ20 ሊትር ያልፋል ይባላል። ይህን ምሳሌ ስንቴ አስተምሬዋለሁ፤ የሴቲቱን ክንድ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

በ30ኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፋ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና እየመራችኝ በምጣድ ላይ፥ አክንባሎ ከድኜ፥ ፍሙን ከላይ አድርጌ ጋገርሁት። የመጀመሪያዎቹ ከሥር አረሩ፤ እነርሱን እኛ በላናቸው። የቀረው ለሕፃናቱ በቃ፤ ከቅዳሴ በኋላ እያንዳንዱ ሙሉውን ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ ማየት ደስ ያሰኝ ነበር።

እትዬ ወደ ጽዋው አልመጡም። እናቴ «እርሾ የተበደረ ከሊጡ ቀንሶ ይመልሳል» አለችኝ። ያስቀረሁትን ሊጥ በዚያው ጣሳ፥ አራት ዳቦም በሳህን ይዤ ሄድሁና በዚህ ጊዜ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር በሉኝ አልሁ። ዳቦውን ገምሰው ቀመሱ።

«ለስልሷል። ይፍታሽ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፥ «ውኃው ግን እስካሁን በእኔ በኩል ነው የሚወርደው» አሉኝ።

ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ቦዩን ቆፈርነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።