አለቃው ማነው?

የዊልያም ጎልዲንግን «የዝንቦች ጌታ» አንብበን የጨረስን ሰሞን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ሰው በሌለበት ደሴት ላይ የወደቁት የእንግሊዝ ልጆች መከተል የነበረባቸው ራልፍን ነው ወይስ ጃክን? አንዱ ጓደኛችን አልጋው ላይ እንደተጋደመ «እኔ ብሆን ጃክን ነው የምመርጠው፤ ቢያንስ ሥጋ አብልቷቸዋል» አለ። ሳቅን። ግን እውነቱን ነዋ! ራልፍ የሚያቀርብላቸው ጭስ ነው፤ መርከብ አይቶ እንዲያነሳቸው ተራራ ላይ የሚነድ የእሳት ጭስ። የራበው ልጅ ከጭስና ከጥብስ የቱን ይመርጣል? የመጀመሪያው የዱር አሳማ በተገደለበት ቀን እሳቱ ጠባቂ አጥቶ ጠፋ፤ መርከብም አለፈ። ይህን ከሥጋው ጋር ማን ያስበዋል?

ደግሞ ራልፍ የተመረጠው በችሎታው አይደለም። ቁመናው ስላማረና ያንን ትልቅ ዛጎል እንደ መለከት ነፍቶ ስለሰበሰባቸው ነው። አስተዋዩ ፒጊ ነበር፤ ግን ወፍራም፣ አስም ያለበት፣ መነጽራም ልጅ ማን ይመርጣል! ራልፍ ራሱ ያንን የሚያሳፍር ቅጽል ስሙን በሰው ፊት ለፍልፎበታል። በምርጫው የተሸነፈው ጃክ ቅር እንዳይለውም መዘምራኑን ለቀቀለት። ደግነት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ሠራዊት ማስረከብ ነው እላለሁ።

ታዲያ መልካም መሪነቱ የቱ ላይ ነው? በፈተና ወረቀት ላይ «ቆራጥነት፣ ትሕትና፣ አርቆ አስተዋይነት» እያልን መደርደር እናውቅበታለን። እኔን የያዘችኝ ግን የጎጆዎቹ ነገር ናት። የመጀመሪያዋን ሁሉም ተረባርበው ሠሯት፤ ሁለተኛዋን አራት ሆነው፤ ሦስተኛዋን ራልፍና ሳይመን ብቻ። እሷም ብትሆን ትንገዳገዳለች። በዚያው ሰሞን ራልፍ አለቃ ማሰብ እንዳለበት፣ እሱ ግን እንደ ፒጊ ማሰብ እንደማይችል ለራሱ ያምናል። ይህንን ስንቱ አለቃ ይለዋል? ሹመቱን ልተወው ወይ ብሎ ሲያማክር ፒጊ ይደነግጣል። ራልፍ ገለል ካለ ዱላው የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ያውቃላ።

ከዚያ የሳይመን ሞት ይመጣል። በጭፈራው ሌሊት ልጆቹ አውሬ መጣብን ብለው ተረባርበው ገደሉት፤ ራልፍም ፒጊም እዚያው ነበሩ። በነጋታው ፒጊ አደጋ ነው ይላል፤ ጨለማውን፣ መብረቁን፣ ዝናቡን ይቆጥራል። ግድያ ነው ያለው ራልፍ ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። ማሰብ አልችልም ያለው ልጅ ነገሩን በስሙ ጠራው፤ ብልሁ ብልሃቱን ለማምለጫ አዋለው። (በፒጊ አልፈርድም፤ ፍርሃቱ ይገባኛል።)

መጽሐፉ የወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ጎልዲንግ አስተማሪ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። ልጆችንም ወታደሮችንም በቅርብ ያየ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ይመጣና አለቃው ማነው ብሎ ይጠይቃል። ሳይመንና ፒጊ ሞተዋል፤ ደሴቲቱ ትነዳለች፤ ራልፍን የሚከተለው አንድ ልጅ እንኳ አልቀረም። በዚያ ሰዓት አለቃ ነኝ ማለት ምን ትርፍ አለው? ራልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ እኔ ነኝ ይላል። ደሴቲቱን ሁሉ በእጁ ያደረገው ጃክ ወደፊት ሊራመድ ብሎ ሐሳቡን ቀየረ፤ የፒጊ የተሰባበረ መነጽር ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ባለበት ቆመ።