የመጀመሪያውን ረቂቅ ስለ ማረም

ቡና በሚበቅልበት አገር ለሚኖር ሰው ማረም ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም። ከዛፉ የወረደው ፍሬ ሁሉ ለሲኒ አይበቃም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈለፈላል፣ ከዚያም እናቶች በሰፌድ ዘርግተው ድንጋዩንና ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስናይ ኖረናል። ሆኖም በመቱ ከተማ ተቀምጠን የመጀመሪያ ልብ ወለዳችንን ረቂቅ በፈጸምን ሌሊት፣ የመጨረሻውን አራት ነጥብ ካሳረፍን በኋላ የቀረን ሥራ አሳታሚ መፈለግ ብቻ መሰለን። ዛሬ በአንባቢ ፊት የቀረብነው እንዴት እንደ ተሳሳትንና ከስሕተታችን ምን እንደ ተማርን ለመናገር ነው።

እኛ ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ቀን ቀን በመዝገብና በደብዳቤ ሥራ የምንውል የመንግሥት ሠራተኛ ነን። የኢሉባቦር ዝናብ ሌላው አገር መስቀልን ካከበረም በኋላ ቶሎ የማያባራ ስለ ሆነ፣ ከሥራ መልስ ከቤት የሚያወጣ ጉዳይ አይበዛም። በዚህ ዓይነት፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋም በሻማ፣ 3 ዓመት ጽፈን 412 ገጽ ሞላን። ታሪኩ በአንዲት ትንሽ ከተማ መዝገብ ቤት ስለሚሠራ ወጣት ነው። ወጣቱ ለድኻ ያዝናል፤ ለግፈኛ አይበገርም፤ በየምዕራፉም ስለ ቅንነት ይናገራል። ይህ ሰው ከማን እንደ ተቀዳ አንባቢ ሳይነገረው የሚያውቀው ነው።

ረቂቁን ልንልክ ስንሰናዳ፣ ለብዙ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ወዳጃችን፣ «ከሰኔ እስከ መስከረም ሣጥን ውስጥ ይቈይ፤ ከዚያ በኋላ ብዕር ሳትይዝ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አንብበው» አሉን። ምክሩ ቅር ቢያሰኘንም ታዘዝን። በመስከረም ሣጥኑን ስንከፍት እርጥበት የደብተሮቹን ጠርዝ አሻግቶት አገኘን። ግን ከሻጋታው ይልቅ ያስደነገጠን ውስጡ የተጻፈው ነው።

አንደኛ፣ «እጅግ በጣም» የሚለው ሐረግ በእያንዳንዱ ገጽ ማለት ይቻላል ተቀምጦ ነበር። እጅግም በጣምም ያልሆነ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በደን ውስጥ ስለሚወርደው ስለ ሶር ፏፏቴ 11 ገጽ ጽፈን ነበር። ያን ክፍል ከሁሉ አብልጠን እንወደው ነበር፤ ነገር ግን በ11ዱ ገጽ ውስጥ ባለታሪኩ ቆሞ ውሃውን ከማየት በቀር ያደረገው ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ከገጠር የመጡ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ አንዲት ባልቴት፣ በእኛ ረቂቅ ውስጥ እንደ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ረጅም አማርኛ ይናገሩ ነበር። በመቱ ገበያ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፣ የችግረኛ ንግግር አጭር መሆኑን፣ ብዙውም ነገር በዝምታ እንደሚነገር ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር፤ ስንጽፍ ግን ረሳነው።

እንግዲህ በለመድነው ሙያ ሥራውን ጀመርን። አንድ ባዶ የመዝገብ ደብተር አምጥተን በአምድ ከፈልነው። በአንደኛው አምድ የምዕራፉን ቍጥር፣ በሁለተኛው በምዕራፉ ውስጥ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ በሦስተኛው ምን እንደሚከለክለው፣ በአራተኛው ምዕራፉ ሲያልቅ ምን እንደ ተለወጠ ጻፍን። ከ27ቱ ምዕራፎች በ8ቱ አራተኛው አምድ ባዶ ሆነ። አምስቱን አወጣናቸው፤ ሦስቱን ከሌሎች ጋር አዋሐድናቸው። ፏፏቴው ከ11 ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ። ባልቴቷም ቃላቸው አጠረ። የቀረውን ማታ ማታ ለባለቤታችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብላት ጀመር፤ ዐይን የሚያልፈውን እንቅፋት ጆሮ ይይዘዋልና።

ይህ አካሄድ የእኛ ግኝት አይደለም። በአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮአቸው ሰምተው ያርሙታል። በዚያ ሥርዐት ሳይታረም የሚያልፍ ተማሪ የለም፤ መታረምም ማዕርግ የሚያደርስ መንገድ እንጂ ውርደት አይደለም። የፈረንሳዩ ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤር ማዳም ቦቫሪ በተባለው ልብ ወለዱ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1851 እስከ 1856 ሲደክም፣ ዐረፍተ ነገሮቹን እየጮኸ በማንበብ ይፈትናቸው ነበር። የሩሲያው ቶልስቶይ ጦርነትና ሰላምን ደጋግሞ ሲሰርዝና ሲጨምር፣ ያንን የተዥጐረጐረ ጽሑፍ በንጹሕ ትገለብጥ የነበረችው ባለቤቱ ሶፍያ ናት።

ከሁሉ ይልቅ ያበረታን ግን የዚሁ የኢሉባቦር ልጅ ነው። በሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፍ ታትሞ ከአንባቢ እጅ ከገባ በኋላ ደራሲው ምን ሥራ ይቀረዋል? በዓሉ ግን ወደዚያው ታሪክ ተመለሰ። በ1975 ዓ.ም. ከ9 ዓመት በኋላ፣ ያው ሥራ እንደገና ተጽፎ «ሀዲስ» በሚል ርእስ ወጣ። በመካከሉ የ1966ቱ አብዮት ፈንድቶ የዘውዱ መንግሥት ወድቋል፤ ደራሲውም ሌሎች መጻሕፍት ጽፏል። በዚያው በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር በዓሉ ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ለእኛ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ትምህርት፣ ስሙ የገነነ ደራሲ የታተመ መጽሐፉን እንደ ረቂቅ ቈጥሮ እንደገና ለመጻፍ አለማፈሩ ነው። እርሱ የታተመውን ከደገመ፣ እኛ በሣጥን የሻገተውን ለመድገም ምን ያሳፍረናል?

እስከዚህ ድረስ የነገርነው ቀላሉን ነው። ከባዱ የመጣው ዘጠነኛውን ምዕራፍ ለባለቤታችን ባነበብንላት ማታ ነው።

በዚያ ምዕራፍ አንድ ክፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ። ባልቴቷ ከሟች ባላቸው የቀረ የቡና መሬት ስላላቸው ማስረጃ ለማውጣት ይመጣሉ፤ ይህ ሰው መዝገባቸውን ደብቆ ያመላልሳቸዋል፤ ወጣቱ ባለታሪክ ግን ተንኰሉን ያጋልጣል። ንባቡ ሲያልቅ ባለቤታችን ቡናዋን አስቀምጣ፣ «ይኼ ሰውዬ ለምን እንዲህ ከፋ?» አለች። «ለሌላው ሁሉ ምክንያት ሰጥተኸዋል። ለሱ ብቻ የለውም። ሰው አይመስልም።»

መልስ አጣን። ምክንያቱን ስላላወቅን አልነበረም፤ ስለምናውቀው ነው።

ከ10 ዓመት በፊት፣ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለን፣ በኢሉባቦር ከሚገኙት ከተሞች በአንዲቱ ውስጥ እንሠራ ነበር። አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን መዝገብ ፈልገው መጡ። መዝገቡ በቦታው አልነበረም። «ነገ ይመለሱ» አልናቸው። በነገታው መጡ፤ እንደገና «ነገ» አልናቸው። በትዝታችን 4 ጊዜ ያህል በዝናብ በእግራቸው ተመላለሱ። ከዚያ አንድ ቀን የጠረጴዛችንን መሳቢያ ስንከፍት፣ መዝገቡ ከዓመት ፈቃድ ቅጾች በታች ተኝቶ አገኘነው። ያስቀመጥነው እኛው ነበርን። ክፋት አልነበረም፤ ዝርክርክነት ነው። ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን መናገር ስላፈርን፣ መዝገቡን ወስደን ከሽማግሌው የሥራ ባልደረባችን መደርደሪያ ላይ አኖርነው። በማግሥቱ ከዚያ ተገኘ። ሽማግሌው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ባልቴቷም ማስረጃቸውን አገኙ፤ ዳሩ ግን የዚያን ዓመት ቡና ሌላ ሰው ለቅሞት ነበር።

በረቂቃችን ውስጥ የክፉውን ሠራተኛ መልክ፣ አካሄዱንና ሳሉን ሳይቀር የወሰድነው ከእኚሁ ሽማግሌ ነበር። በሕይወት ያስከሰስናቸውን ሰው በልብ ወለድ ዳግመኛ አስፈረድንባቸው ማለት ነው። ስንጽፈው ይህ አልታየንም። ሰው ሲጽፍ ለራሱ ጠበቃ ሊሆን ይችላል፤ ሲያርም ግን በዳኛው ወንበር ይቀመጣል።

ምዕራፉን እንደገና ጻፍነው። የመጀመሪያው ድጋሚ አልረባም፤ ባለታሪኩ ተንበርክኮ እያለቀሰ 6 ገጽ ሙሉ ይናዘዝ ነበርና፣ ንስሓውም እንደ ቀድሞው ጀግንነት ጌጥ ሆነ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ከዚህ ብዙ አልተሻሉም። በአራተኛው ባለታሪኩ መሳቢያውን ይከፍታል፤ መዝገቡን ያያል፤ ባልቴቷ በበር ቆመዋል፤ መሳቢያውን ይዘጋል፤ «ነገ ይመለሱ» ይላቸዋል። ከዚህ በላይ ቃል አልጨመርንም። ሲነበብላት ባለቤታችን ዝም አለች፤ እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጽሐፍ ሁሉ ተናጋ። መሳቢያውን የዘጋ ሰው በሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ቅንነት ሊሰብክ አይችልም፤ ስብከቶቹ በሙሉ ወጡ። ክፉው ሠራተኛ የሌላ ሰው በደል የተሸከመ ሽማግሌ ሆነ። አንዲት እውነት ከቦታዋ ስትገባ በዙሪያዋ ያለው ውሸት እንደማይቆም ያን ጊዜ ገባን። ቃላትን ማጥራት የእርማት መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ እንዳልሆነም ተረዳን።

የቀረን አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው በጎሬ ይኖራሉ። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በጥንቱ ዘመን በባሮ ወንዝ በኩል ለሚደረገው የቡና ንግድ ማእከል የነበረች፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ የመንግሥቱ መቀመጫ የሆነች የታወቀች ከተማ ናት። አንድ ቅዳሜ ምዕራፉን በፖስታ ይዘን ሄድን። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለመመለስ አስበናል።

ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉን፤ ቡና ተፈላ። «ጋሼ፣ የጻፍነውን ልናነብልዎ መጥተናል» አልን። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስንጨርስ፣ «ያኔም ዐውቄ ነበር» አሉ። «መዝገቡን ስታኖር በመስኮቱ መስተዋት አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ የሙከራ ጊዜህን አልጨረስክም ነበር፤ ትባረር ነበር። እኔን በአንድ ማስጠንቀቂያ ማን ያባርረኛል?» ሲኒያቸውን አነሡ። «ደግሞም ተናድጄብህ ነበር። ዛሬ ድረስ በመጠኑ ተናድጄብሃለሁ። ይህን ጨምርበት።»

የምንለው ጠፋን። እርሳቸው ግን ወረቀቱን ከእጃችን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ መስመር ላይ በጣታቸው አመለከቱ። «ይኼ ስሕተት ነው። ሴትዮዋ 4 ጊዜ አይደለም የመጡት። 7 ጊዜ ነው። አንተ ቈጥረህ አልነበረም፤ እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ስለምቀመጥ ሁልጊዜ ሰላም የምላቸው እኔ ነበርኩ።»

በመጽሐፉ ላይ 4 የሚለውን ሰርዘን 7 አደረግነው። በዚህ ጽሑፍ ከላይ ያለውን ግን፣ ትዝታ ለባለቤቱ እንዴት እንደሚያዳላ አንባቢ እንዲያየው፣ እንዳለ ተውነው።

አሁን ረቂቁን ለሦስተኛ ጊዜ በንጹሕ እየገለበጥን ነው፤ ዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። መጽሐፉ ይታተም ወይም አይታተም አናውቅም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ማታ ማታ የሚጽፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙ መሆናቸውን ግን እናውቃለን። ምክር ለመስጠት ሳይሆን የደረሰብንን ለማካፈል ያህል እንዲህ እንላቸዋለን፤ ረቂቃችሁን አሳድሩት፤ ጮኻችሁ አንብቡት፤ ያለ ምክንያት ክፉ የሆነ ሰው በውስጡ ካገኛችሁም፣ እርሱን ከማረማችሁ በፊት የገዛ መሳቢያችሁን ክፈቱ።