ካውያና ፎጣ

ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ረቡዕ
ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የወር አበባዬ ሕመም ቀሰቀሰኝ። ከእንብርቴ በታች ጨምድዶ ይይዝና በወገቤ ዞሮ እስከ ጭኔ ይወርዳል። እማዬ መብራት አብርታ፣ ምንም ሳትናገር ካውያውን ሰካችና ፎጣውን አጥፋ ትተኩስልኝ ጀመር። ፎጣው አሮጌ ነው፤ አንዱ ጠርዙ በካውያ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ሆዴ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። አሁን 31 ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት «ስትወልጂ ይተውሻል» ያላለኝ ዘመድ የለም።

ጥቅምት 14
ስም ተገኘለት፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። አልትራሳውንዱ የግራው እንቁላል ማምረቻዬ ላይ ደም የቋጠረ ከረጢት አሳየ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ማህፀን ሥላ አስረዳችኝ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፣ ይቆጣል፣ ጠባሳ ይጥላል፤ አንዳንዴም አንጀትና ማህፀንን ያጣብቃል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የሆርሞን ክኒን ጀመርኩ።
በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ገደማ አለባት ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ክፍላችን ውስጥ 30 ሴቶች ነበርን። ዴስክ ላይ ተደፍታ የምትውል አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። «ሰነፍ» ነበር የምንላት።

ኅዳር 20
ፊዚዮቴራፒ፣ ሦስተኛ ቀን። 16 ዓመት ሙሉ ሕመሙ መጣ አልመጣ እያልኩ ስኮማተር የዳሌዬ ወለል ጡንቻዎች መላላት ረስተዋል፤ አሁን እነሱም በራሳቸው ያሙኛል። ባለሙያዋ በጀርባዬ አስተኝታ፣ ጉልበቴን አሳጥፋ፣ መዳፌን ሆዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሆድሽን ልቀቂው፣ እህቴ።» ለካ ሆዴን መልቀቅ አላውቅም! አየር ስስብ መዳፌ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ከታች የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማኝና እንባዬ መጣ። ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ አዘዘችኝ።

ጥር 2
ጎረቤታችን «ክኒኑን ትተሽ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መድኃኒት ግዢ፣ ከሥሩ ይነቅለዋል» አሉኝ። «ይነቅለዋል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። ጠበሌን እጠመቃለሁ፣ የዝንጅብል ሻዬን እጠጣለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ፤ የምወስደውን ሁሉ ለሐኪሜ እነግራታለሁ። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። «ይነቅላል» የሚል ሻጭ ግን የታመመ ሰው ተስፋ ላይ እየነገደ ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
ሕመሙ አልጠፋም። ድሮ ስድስት ቀን ያስተኛኝ የነበረው አሁን ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ሥራ ገባሁ።
የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ትናንት ሆዷን ይዛ ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቷ «ሁላችንም አልፈንበታል» ስትላት ሰማሁ። ፎጣውን አውጥቼ ተኮስኩላት። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዣት እሄዳለሁ።