ጭስ የሚወድ ጣሪያ፣ እሳት የሚፈራ ጣሪያ

እንግሊዝ አገር፣ በዴቨን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ሆፕ ኮቭ የሚባል የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ኢነር ሆፕ በሚባለው ክፍሉ ነጭ ቀለም የተቀቡ የሣር ክዳን ቤቶች አንዲት ጠባብ አደባባይ ከበው ቆመዋል፤ ከደጃቸው እስከ ባሕሩ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በዴቨንና በዶርሴት ጠረፍ በየመንደሩ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ለእረፍት ይከራያሉ። ባለፈው መጸው እኛም ቤተሰቡን ይዘን በዚያው አካባቢ አንዱን ተከራይተን ሰነበትን። የከፈልነው የኪራይ ገንዘብ፣ በእኔ ግምት፣ ጭሮ ላይ የአንድ ቤት ጣሪያ ሙሉ ቆርቆሮ ይገዛል።

የተወለድኩት አሰበ ተፈሪ፣ በዛሬ ስሟ ጭሮ ነው። ከአዲስ አበባ በሐረር መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ሚኤሶን አልፈው የጨርጨርን ተራራ ሽቅብ ሲወጡ ያገኟታል። ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁት ሰው፣ በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሳሉ ለሌሎች አርአያ እንድትሆን ያቀኗት ከተማ ናት። እኛ ልጆች ስናድግ ቆርቆሮ የከተማ፣ ሣር የገጠር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቁኒ ወደ አያቴ ቤት ስንወጣ ግን የምንተኛው ሣር ጣሪያ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ድምፁ የማይሰማበት፣ ቀን የማይሞቅ፣ ሌሊት የማይበርድ ቤት።

ዴቨን ላይ መጀመሪያ የመታኝ ባሕሩ አልነበረም፤ ግድግዳው ነበር። እጄን ሳሳርፍበት ጭቃ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ቀይ አፈርና ጭድ በውኃ አቡክቶ፣ በእግሩና በከብት እያስረገጠ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ግድግዳ በድርብ በድርብ እየካበ ይሠራ ነበር። የእኛ ሰው እንጨት አቁሞ፣ ማገር አስሮ በጭቃ ይመርጋል፤ እነሱ ያለ እንጨት ጭቃውን ብቻ ያቆማሉ። ቀሪው እውቀት አንድ ነው። ጭቃ ከላይ ጥሩ ክዳን፣ ከታች ደረቅ መሠረት ካገኘ ዕድሜው የሰው ዕድሜን ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ውኃ ከገባበት ግን በአንድ ክረምት ይናዳል። ለዚህ ነው ጣሪያው እንዲያ ቀጥ ብሎ የሚያቆለቁለው፤ ወደ 50 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ዝናቡ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ የሚርሰው ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የአያቴ ጎጆ ጣሪያም በዚያው ምክንያት ሾጣጣ ነበር።

ዴቨን ቤቱን የሚከድነው በስንዴ አገዳ ነው። ዛሬ በየማሳው የሚዘራው ስንዴ በምርምር አጥሯል፤ አገዳው ለጣሪያ አይሆንም። ስለዚህ ለክዳን ተብሎ ቁመቱ የረዘመ የድሮ ስንዴ አሁንም ይዘራል፤ ኮምባይነር እንዳይሰባብረውም ነዶ አሳሪ በሆነ አሮጌ ማሽን ይታጨዳል። ይህን ስሰማ አእምሮዬ በቀጥታ የሄደው ወደ ጨርጨር ማሽላ ነው። ሙይራንና ፈንዲሻን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ፣ ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈጅ ማሽላ ነው፤ ገበሬው ግን በቀላሉ አይለቀውም። እህሉን ሰው ይበላዋል፣ ቅጠሉና አገዳው የሐረርጌን ሰንጋ ያደልባል፣ የተረፈው ማገዶ፣ አጥርና የግድግዳ ማገር ይሆናል። አጭርና ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ በኩንታል ሲቆጥር፣ ገበሬው አገዳውንም ይቆጥራል። እኔ ሁልጊዜ ከገበሬው ጋር ነኝ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነገር ጥቀርሻው ነው።

በዴቨን ክዳን ሲታደስ አሮጌው ሣር በሙሉ አይገፈፍም። ያረጀው ላይኛው ተነሥቶ አዲሱ ከላዩ ይደረባል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤቶች የታችኛው ድርብ፣ ወጋግራው ላይ የተኛው፣ ከተከደነበት ቀን ጀምሮ አልተነካም። የዕፅዋት ቅሪት አጥኚው ጆን ሌትስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት እነዚህን ድርቦች መርምሮ፣ የመካከለኛው ዘመን ስንዴና አጃ ዛላው ሳይቀር ተጠብቆ አግኝቷል። የጠበቀው ጭስ ነው። ያኔ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት የጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ እሳቱ መሀል ወለል ላይ ይነድድና ጭሱ በሣሩ መሀል ሰርጎ ይወጣ ነበር። ያ ጭስ ሣሩን አጥቁሮ፣ አድርቆ፣ ከተባይ ጠብቆ አምስትና ስድስት መቶ ዓመት አቆየው።

አያቴ ይህን ያለ ጥናት ታውቀው ነበር። ለዘር የመረጠችውን የማሽላ ዛላ የምትሰቅለው ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ በሚያልፍበት ቦታ ነበር፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ሰው ለቆት እሳት ያልነደደበት ጎጆ አንድ ሁለት ክረምት አይዘልቅም ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፤ ሣሩ ይሻግታል፣ ምስጥ ይወጣበታል፣ ወጋግራው ይጎብጣል። ጭስ ዓይን ያበላሻል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ የአያቴ ዓይን በእርጅናዋ ሁሌ ያለቅስ ነበርና ይህን ማንም አይነግረኝም። ነገር ግን ጣሪያውን ያኖረው ያው ጭስ ነበር።

በተከራየነው ቤት ግን እሳት የተወገዘ ነው። በሩ አጠገብ የተሰቀለው መመሪያ ሻማ ይከለክላል፣ ሲጋራ ይከለክላል፣ በግቢው ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልና ርችት መተኮስ ይከለክላል። ምክንያት አላቸው። ለንደን ገና በ1212 እ.ኤ.አ. ከትልቅ ቃጠሎ በኋላ አዲስ ቤት በሣር መክደንን ከልክላለች። የሼክስፒር ተውኔቶች ይታዩበት የነበረው ግሎብ ቴአትር በ1613 የተቃጠለው ለትዕይንት በተተኮሰ መድፍ ፍንጣሪ ነው፤ ፍንጣሪው ሣር ጣሪያው ላይ አረፈ። ግሎብ እንደገና ተሠርቶ በ1997 ሲከፈት ጣሪያው እንደ ጥንቱ በደንገል ተከደነ፤ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ ወዲህ በለንደን የተፈቀደ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክዳን መሆኑ ነው፤ ለዚያውም በላዩ የውኃ መርጫ ቱቦ ተዘርግቶለት። ለሣር ቤት የሚከፈለው የመድን ዋስትናም ከሌላው ይወደዳል። ስለዚህ ቡናችንን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላን፤ ዕጣኑን ሳናጨስ መለስነው። ሣር ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ያለ ጭስ ቡና መጠጣት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ አልለመድኩትም።

በዚያው ምሽት እማዬ ጋር ደወልኩ። ሣር ቤት ውስጥ እንዳለን ስነግራት የጠየቀችኝ የክዳን ነገር ነው።

«ሣሩ ምንድን ነው?»

«የስንዴ አገዳ ነው፣ እማዬ።»

«ውፍረቱስ?»

«ከክንድ ትንሽ ያንሳል።»

«ታዲያ ስንት ሸክም ይፈጃል! ማን ከደነው? ጎረቤቱ ስንት ሆኖ ወጣ?»

አንድ ባለሙያ ከረዳቱ ጋር፣ ለሳምንታት፣ በክፍያ እንደሚሠራው ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ምሳ የሚያቀርብላቸውስ?» አለችኝ። ይዘው እንደሚመጡ ነገርኳት። ልክ አይደለም አለች።

በጨርጨር አንድ ሰው ብቻውን ቤት አይከድንም። ሰንበሌጡ ክረምቱ አልፎ ሲደርቅ ይታጨዳል፤ ሴቶች በሸክም፣ ወንዶች በአህያ ያደርሱታል። ከዚያ ጉዛ ይጠራል፤ በሌላው አገር ደቦ የሚባለው ነው። ልጁ ነዶ ያቀብላል፣ ጎልማሳው ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ያስራል፣ ከላይ ጉልላቱ ጋ የሚወጣው ግን የታወቀ አንድ ሰው ነው። በእኛ በኩል ያ ሰው «ኦቦ» እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሳይመጡ ጉልላት አይታሰርም። ክፍያቸው ምሳ፣ ጫትና ቡና ነው፤ ዋናው ክፍያ ግን ነገ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ሁሉም እንደሚመጣላቸው ማወቃቸው ነው። ቤቱ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ስላለበት ይህ ውለታ ተከፍሎ አያልቅም። አንድ ጊዜ የተመታ ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት ጎረቤት አይጠራም።

እንግሊዝ ጎረቤቱን በሕግ ተክታዋለች። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ባለቤት ሣሩን አንሥቶ ሸክላ ልክደን ቢል ያለ ፈቃድ አይችልም። ኪራዩ፣ ሕጉና መድኑ ተደጋግፈው ሙያውን አኑረውታል፤ ወጣት ዛሬም ከባለሙያ ሥር ሆኖ ይማረዋል። በእኛ አገር ደግሞ የቤተሰብ ኑሮ በጥናት ሲለካ የሚጠየቀው አንዱ ጥያቄ ጣሪያህ ከምንድን ነው የሚል ነው፤ ሣር ያለ ሰው ወደ ድሃው መደብ ይወርዳል። መንግሥትም በጎጆ ላይ እጁን ያነሣበት ጊዜ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ሐረርጌን ሲያዳርስ፣ ገበሬው ጎጆውን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ወጋግራውን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር እንዲተክለው ተደርጓል። ጣሪያው ከእርሻው ራቀ፣ ጎረቤቱም ተቀያየረ። ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች ስለ ቤት ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ብዬ ሣር ቤት ይመለስ አልልም። የአያቴን ቤት ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ለመቀየር ገንዘብ የላክነው እኛ ውጭ ያለነው ልጆች ነን፤ ዛሬም ብጠየቅ እልካለሁ። ከቆርቆሮ ላይ የዝናብ ውኃ በርሜል ይሞላል፤ ያ ማለት ልጅቷ ምንጭ ወርዳ የምትቀዳበት ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው። ሰንበሌጥ የሚበቅልበት ዳገት ታርሷል ወይም ከብት ግጦታል፤ ለአንድ ጣሪያ የሚበቃ ሣር መግዛት ራሱ ውድ ሆኗል። በቡናና በጫት ገንዘብ ያገኘ ገበሬ ከገለምሶ እስከ ሂርና መጀመሪያ የሚያደርገው ጣሪያውን መቀየር ነው፤ መብቱም ነው። ድሃ መባልን ማንም ለቱሪስት ዓይን ብሎ አይሸከምም።

የማዝነው ሙያው ከጣሪያው ጋር አብሮ መሄዱ ነው። ጉልላት የሚያስሩት ኦቦ አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ግንበኛና ሾፌር ናቸው። ሣር ክዳንን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ጭሮ ላይ አላውቅም።

ጃፓን ውስጥ ሺራካዋ ጎ የሚባል የተራራ መንደር አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትልልቅ የሣር ጣሪያዎቹን ጎረቤት ተሰባስቦ በጋራ ይከድናል፤ ልክ እንደ ጉዛ ነው። እንግዳም እዚያው ቤት ውስጥ ከባለቤቶቹ ጋር ያድራል፣ ከማዕዳቸው ይበላል። ዴቨን ላይ ያጣሁት ይህንን ነበር፤ ቤቱን ሰጡን፣ ሰው ግን አላገኘንም፤ ቁልፉን ያወጣነው በር ላይ ከተሰቀለች ቁጥር ካላት ሳጥን ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መሀል የሚጓዝ መንገደኛ ጭሮ ላይ ምሳ በልቶ ያልፋል። ቢያድር የሚያገኘው እንደየትኛውም ከተማ ያለ የሲሚንቶ ፎቅ ነው። ዝቅ ብሎ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ግን ፏፏቴው አጠገብ በሣር የተከደኑ የእንግዳ ጎጆዎች አሉ፤ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያድርባቸዋል። ከጭሮ በላይ፣ በቁኒ ሙክታር በኩል፣ ለደጋ አጋዘን የተከለለ ተራራ አለ። እዚያ ዳገት ላይ ጥቂት እውነተኛ የጨርጨር ጎጆዎች፣ በአገሬው ሰው እጅ ተሠርተው በአገሬው ሰው የሚተዳደሩ፣ ለምን አይኖሩም? እንግዳ ሲኖር ምድጃው ይነድዳል፣ ምድጃው ሲነድድ ሣሩ ይቆያል። ጭሱ ለማይስማማው እንግዳ የሚተኛበትን ጎጆ ለብቻው አድርጎ፣ ቡናው የሚፈላበትን በሌላ ጎጆ መለየት ይቻላል።

ሣሩም ከየት ይመጣል ለሚል መልስ አለ። በብዙ ቦታ እንደሚደረገው ከግጦሽ በተከለሉ ዳገቶች ላይ ከብት አይገባም፤ ሣሩ ታጭዶ ይወሰዳል። ከዚያ ሣር ለከብቱ የሚሆነው ለከብቱ ሄዶ፣ ሰንበሌጡ ለክዳን ቢቀር፣ የአጨዳው ገንዘብ ዳገቱን ለሚጠብቁት ወጣቶች ይገባል። ሥራውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በዶባ፣ በበዴሳና በመቻራ በኩል ገና አልጠፉም፤ አንድ ሁለት ወጣት ከሥራቸው ቢመደብ ደመወዙን ውጭ ያለነው ተሰባስበን ልንሸፍነው እንችላለን። ለቆርቆሮ ገንዘብ ስንልክ ኖረናል። ሰንበሌጥ የሚታጨደው ከኅዳር ጀምሮ ነውና ለመነጋገር ያለን ጊዜ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፤ እማዬ ዳገቱን ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር እንድታገናኘኝ ጠይቄያታለሁ፤ አብሮ መግባት የሚፈልግ የጨርጨር ልጅ ይጻፍልኝ።